«ታይፎይዴ ተነሣብኝ»



ከአየር ጤና ተነሥቶ ዓለም ገና የደረሰ መንገደኛ መንገዱ ለሁለት ሲከፈል ያያል። አንዱ በሰበታ አልፎ ወደ ወሊሶና ጅማ ይቀጥላል፤ ሌላው ወደ ቡታጅራ፣ ሆሳዕናና ወላይታ ሶዶ ይታጠፋል። መገንጠያው አካባቢ መኪናውን አቁሞ ሻይ ፉት የሚል የጭነት መኪና ሾፌር፣ ከሚኒባስ በር ላይ ሆኖ «አየር ጤና፣ አየር ጤና» እያለ የሚጣራ ረዳት፣ ጀበናዋን ጥዳ የተቀመጠች ቡና ሻጭ፣ ሁሉም አንድ ዓረፍተ ነገር ይጋራሉ። ራስ ሲፈልጥ፣ ወገብ ሲቆረጥም፣ ምግብ ሲያስጠላ፣ ማታ ማታ ሰውነት ሲግል «ታይፎይዴ ተነሣብኝ» ይላሉ።

ታይፎይዴ። እንደ ጨጓራዬ፣ እንደ ሳይነሴ። ባለቤቱ የታወቀ፣ ስሙ የወጣለት በሽታ። አጠገቡ ያለው ወዳጅም ሐኪም አይጠይቅም፤ «ሲፕሮ ግዛና ዋጥ፣ እኔን አሽሎኛል» ይላል። ነገሩ በዚያው ያልቃል።

የዛሬው ዝግጅት የሚነሣው «ተነሣብኝ» ከምትለዋ ቃል ነው። ታይፎይድ ሰውነት ውስጥ አድፍጦ በዓመት ሦስት አራቴ የሚነሣ በሽታ አይደለም። ታክሞ በዳነ ሰው ላይ ሊያገረሽ ይችላል፤ ይህ የሚሆነው ግን ከመቶ ሕመምተኞች ከአምስት እስከ አሥር በሚሆኑት ላይ ሲሆን፣ ትኩሳቱ ከለቀቀ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ በየወቅቱ የሚመጣው ሕመም ወይ አዲስ ኢንፌክሽን ነው፣ ወይም ከመጀመሪያውም ታይፎይድ አልነበረም። ሁለተኛው ነገር ሰው ከሚገምተው በላይ ያጋጥማል።

ለመሆኑ ታይፎይድ ራሱ ምንድን ነው? በአማርኛ የአንጀት ተስቦ ይሉታል። አምጪው ሳልሞኔላ ታይፊ የተባለ ባክቴሪያ ነው። ከሌሎቹ የሳልሞኔላ ዘመዶቹ አንድ ነገር ይለየዋል፤ እነርሱ በዶሮም በከብትም ሲገኙ፣ እርሱ ከሰው በስተቀር መኖሪያ የለውም። ስለዚህ አንድ ሰው ታይፎይድ ያዘው ማለት፣ ነገሩ ሳይሽሞነሞን ሲነገር፣ የሌላ ሰው ዓይነ ምድር በውኃ፣ በምግብ ወይም በእጅ በኩል አፉ ገብቷል ማለት ነው።

የገባው ባክቴሪያ የትንሹን አንጀት ግድግዳ አልፎ በጉበት፣ በጣፊያና በመቅኔ ውስጥ ይራባል፤ ከዚያም ደም ውስጥ በብዛት ይለቀቃል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰውየው ምንም አይታወቀውም። ብዙ ጊዜ ለአንድና ለሁለት ሳምንት፣ አልፎ አልፎም እስከ አንድ ወር ድረስ እንደ ልቡ ይሠራል፣ ይበላል፣ ይጫወታል። «ትናንት የበላሁት ሰላጣ ታይፎይድ አስያዘኝ» የሚለው ክስ ውኃ የማይቋጥረው ለዚህ ነው። የትናንቱ ሰላጣ ሆድ ሊያሳምም፣ ሊያስመልስ ይችላል፤ ታይፎይድ ግን ቀን የሚቆጥር በሽታ ነው።

አመጣጡም ቀስ ያለ ነው። ወባ እያንቀጠቀጠ ድንገት ሲጥል፣ ታይፎይድ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ነው። ዛሬ ማታ ትንሽ ትኩሳት፣ ነገ ማታ ከዛሬው ትንሽ ከፍ ያለ፣ ከነገ ወዲያም እንዲሁ እያለ በሳምንቱ 39 ወይም 40 ዲግሪ ላይ ይደርስና እዚያው ይቀመጣል። የማይለቅ ራስ ምታት፣ ድካም፣ ምግብ መጥላት፣ የሆድ ሕመም፣ አንዳንዴም ደረቅ ሳል አብረው ይመጣሉ። የአንጀት በሽታ ሲባል ሰው ተቅማጥ ይጠብቃል፤ በታይፎይድ ግን በተለይ አዋቂዎች ላይ የሆድ ድርቀት የተለመደ ነው። የሕክምና መጻሕፍት ደረትና ሆድ ላይ ስለሚወጡ ሮዝማ ነጠብጣቦች ይጽፋሉ። መጻሕፍቱን የጻፏቸው ሰዎች በአብዛኛው የነጭ ቆዳ ያዩ ነበሩና፣ በእኛ ቆዳ ላይ ያንን ምልክት መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው።

አደጋው ያለው ሳይታከም ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሳምንት ሲይዝ ነው። ባክቴሪያው ያቆሰለው አንጀት ሊደማ፣ ከዚያም አልፎ ሊበሳ ይችላል። ሆድ በድንገት በኃይል መታመም፣ እንደ እንጨት መድረቅ፣ ጥቁር ወይም ደም ያለው ሰገራ፣ መቀባዠር ከታየ፣ ነገሩ ከኪኒን አልፏል፤ ሕመምተኛው ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥ ሆስፒታል መሮጥ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 ብቻ ዘጠኝ ሚሊዮን ያህል ሰው በታይፎይድ ታሟል፣ 110 ሺህ ያህሉም ሞቷል። በሽታው እውነተኛ ነው፤ የዛሬው ዝግጅት «ታይፎይድ የለም» ለማለት አልተዘጋጀም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ይግባ። ከአንጀት በሚነሡ የባክቴሪያ በሽታዎች ሁሉ ላይ የታይፎይድን ስም መለጠፍም ስሕተት ነው። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባን ያስጨነቀው አተት፣ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ የተለየ ጠባይ ነበረው። ትኩሳቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ነገር ግን የሩዝ ውኃ የመሰለ ተቅማጥ በሰዓታት ውስጥ ሰውነትን አድርቆ ይገድላል። የዚህ መድኃኒቱ በመጀመሪያ ፈሳሽ ነው። አንድ ከረጢት ኦ አር ኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል፤ የአንድ ሊትር ሃይላንድ በደንብ ታጥቦ መለኪያ ይሆናል። በግማሽ ሊትር በጥብጦ «እንዲጠነክር» ማድረግ ጨው ማብዛት ነው፤ በተለይ ሕፃንን ይጎዳል። ደም የቀላቀለ፣ ቁርጠትና ትኩሳት ያለው ተቅማጥ ደግሞ ሽጌላ የተባለውን ባክቴሪያ ያስጠረጥራል፤ አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገውም እንዲህ ላለው ነው። ተራ ተቅማጥ አብዛኛውን ጊዜ ያለ አንቲባዮቲክ ይድናል።

ወደ ታይፎይዱ እንመለስ፤ አሁን ወደ ላብራቶሪው ክፍል መግባት ያስፈልጋል፣ የነገሩ ቋጠሮ ያለው እዚያ ነውና።

ባለሙያው ከክንድ የቀዳውን ደም በማሽን አሽከርክሮ ከላይ የሚንሳፈፈውን ቢጫማ ፈሳሽ ይለያል። ክብ ክብ ምልክት ባለበት ሰሌዳ ላይ ከፈሳሹ ጠብታ ጠብታ ያኖርና፣ ከትንንሽ ብልቃጦች ሰማያዊና ቀይ የተቀለመ ፈሳሽ ይጨምርበታል። በስንጥር ያዋሕድና ሰሌዳውን በእጁ እያወዛወዘ አንድ ደቂቃ ያህል አትኩሮ ያየዋል። ጠብታው እንደ ተበጣጠሰ ወተት ፍርፍር ካለ «ፖዘቲቭ»፣ ልስልስ እንዳለ ከቀረ «ኔጌቲቭ»። ወረቀቱ ላይ «ኦ 1 ለ160፣ ኤች 1 ለ80» ተብሎ ይጻፋል። ሕመምተኛውም ያቺን ቁጥር አጣጥፎ ኪሱ ይከታል፤ በሚቀጥለው ክረምት «ባለፈው 160 ነበር፣ ዘንድሮ 320 ገባ» እያለ እንደ ደም ግፊት ሲያወራት ይሰማል።

የዚህ ምርመራ ስም ዊዳል ነው። ፈርናንድ ዊዳል የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1896 ያስተዋወቀው ነው፤ የዓድዋ ጦርነት በተደረገበት ዓመት መሆኑ ነው። ለዘመኑ ትልቅ እመርታ ነበር። ችግሩ ምርመራው ባክቴሪያውን አለማየቱ ነው። የሚያየው ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ሌሊት ውሻ ጮኸ ማለት ሌባ ገባ ማለት አይደለም፤ ጅብ አልፎም፣ የሰፈር ሰካራም ገብቶም ይጮኻል። ዊዳል የሚሰማው ጩኸቱን ነው። ከዓመታት በፊት የተያዘ ሰው፣ ክትባት የወሰደ ሰው፣ በሌላ የሳልሞኔላ ዝርያ የታመመ ሰው፣ የወባ ሕመምተኛ እንኳ ፖዘቲቭ ሊወጣ ይችላል። በተቃራኒው እውነተኛው የታይፎይድ ሕመምተኛ በመጀመሪያው ሳምንት ሲመረመር ፀረ እንግዳ አካሉ ገና ስላልተሠራ ኔጌቲቭ ሊባል ይችላል።

ይህ በመጽሐፍ ብቻ የሚነገር ስጋት አይደለም። ከቡራዩ በአስኮ በኩል ወደ መሐል ከተማ በሚወስደው አቅጣጫ በሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት 2003 ዓ.ም. ድረስ አንድ ጥናት ተካሂዶ ነበር። ታይፎይድ የሚመስል ትኩሳት ይዘው የመጡ 270 ሰዎች ሁለቱንም ምርመራ አደረጉ፤ ዊዳሉንም፣ ባክቴሪያውን ራሱን ከደም አብቅሎ የሚያሳየውን ካልቸርም። በዊዳል 88ቱ ፖዘቲቭ ሆኑ። ከደማቸው ውስጥ ሳልሞኔላ ታይፊ የበቀለባቸው ግን ሰባት ብቻ ነበሩ። ከሰባቱም ዊዳል ያገኛቸው አምስቱን ነው፤ ሁለቱን «የለባችሁም» ብሏቸዋል።

አድማጭ ቁጥሩን ደግሞ ያስበው። ወረቀት ከተሰጣቸው 88 ሰዎች መካከል በካልቸር የተረጋገጠው አምስት ነው። ሰማንያ ሦስቱ ጉዳያቸው ሌላ ነበር ለማለት የሚያስደፍር ውጤት ነው። በእርግጥ ካልቸርም ፍጹም አይደለም፤ ከአሥር የታይፎይድ ሕመምተኞች አራቱን ያህል ያመልጡታል፣ በተለይ አንቲባዮቲክ አስቀድመው የዋጡትን። ግን የተረጋገጡት በእጥፍ ይጨመሩ ቢባል እንኳ፣ ሰማንያ ስምንት አይሞሉም።

ከዊዳል ጋር እንደ መንትያ የሚታዘዝ ሌላ ምርመራም አለ፤ ዌይል ፌሊክስ። «ታይፎይድና ታይፈስ» የሚባለው ጥንድ የተፈጠረው በእርሱ ነው። ሁለቱ በሽታዎች ስማቸው ከመቀራረቡ በስተቀር ዝምድና የላቸውም። ታይፈስ የሚተላለፈው በሰውነት ቅማል ነው፤ አንጀት ውስጥ ምንም ጉዳይ የለውም። ታይፎይድ የሚለው ቃል ራሱ «ታይፈስ መሳይ» ማለት ነው፣ የጥንት ሐኪሞች የሁለቱን ትኩሳት መለየት ስላልቻሉ የወጣ ስም። ዌይል ፌሊክስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የ1916 ግኝት ነው፤ እርሱም ቢሆን የታይፈስን ተህዋስ አይፈልግም፣ ፕሮቲየስ ከተባለ ሌላ ባክቴሪያ ጋር በሚፈጥረው መመሳሰል ይገምታል እንጂ። አንድ ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ በተበከለ ምግብም በቅማልም ተይዞ ሁለቱንም ሊታመም ይችል ይሆናል፤ በየሰፈሩ እንደሚወራው ብዛት ግን ሊሆን አይችልም።

እንግዲህ ሰማንያ ሦስቱ ሰዎች ምን ነበረባቸው? ለዓለም ገና ሰው ጥያቄው የቅርብ ነው። ከተማዋ ራሷ ደጋማ ብትሆንም መንገዶቿ ወባ ወዳለበት ቆላ ይወርዳሉ። ጊቤ በረሃ አድሮ የተመለሰ ሾፌር ሲያተኩሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የወባ ምርመራ ነው። ጤና ጣቢያ ውስጥ በማይክሮስኮፕ የሚታየው የደም ፊልም በዚያው ቀን ይደርሳል፤ በዚያችው መስታወት ላይ በቅማል የሚተላለፈው ግርሻም ይታያል። ግርሻ ደግሞ ስሙ እንደሚናገረው ለጥቂት ቀናት አተኩሶ ይለቅና ተመልሶ ይመጣል። ሱሉልታ ላይ ወተት ሳይፈላ የሚጠጣ ሰው ካለ ሌላ ጥርጣሬ ይጨመራል፤ ላሞችን የሚያስወርደው ብሩሴሎሲስ በጥሬ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋል፣ ትኩሳቱም ለሳምንታት እየወጣ እየወረደ ይቆያል። ወገብ መቆርጠም፣ ሌሊት ማላብ፣ መዛል የእርሱ ምልክቶች ናቸው። «ይነሣብኛል» የሚለው አቤቱታ ለግርሻና ለብሩሴሎሲስ በትክክል ይስማማል። የሚገርመው ሁለቱን ስም አንሥቶ «ተነሣብኝ» የሚል ሰው አለመሰማቱ ነው። ለሳምንታት የዘለቀ ትኩሳት ከሳልና ከክሳት ጋር ሲሆን የሳንባ ነቀርሳም ይታሰባል።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል ያን ያህል የተወሳሰበ አይደለም። ትኩሳት ሦስት ቀን ካለፈ ሕመምተኛው ይመረመራል፣ ወባና ግርሻ ይታያሉ፣ ታይፎይድ ከተጠረጠረና አቅሙ ያለው ላብራቶሪ ከተገኘ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ለካልቸር ደም ይሰጣል። ካልቸር በአነስተኛ ክሊኒክ አይሠራም፤ ትልልቅ ሆስፒታሎችና ላብራቶሪዎች ዘንድ ነው ያለው፤ የመጀመሪያ ፍንጩም ሁለትና ሦስት ቀን ይፈልጋል። ሕመምተኛው በጣም ከደከመ ሐኪሙ ውጤት ሳይጠብቅ ሕክምና ይጀምራል፤ ደሙ ግን አስቀድሞ ተቀድቷል። ካልቸሩ ሌላም ነገር ይናገራል፤ ባክቴሪያው የትኛውን መድኃኒት እንደሚፈራና የትኛውን እንደማይፈራ። ይህን ዊዳል በምንም ተአምር ሊያውቀው አይችልም።

መድኃኒቱን በተመለከተ ሐኪሞች እንደ ሁኔታው ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ አዚትሮማይሲን ወይም በመርፌ የሚሰጠውን ሴፍትሪያክሶን ያዛሉ። እንደ መድኃኒቱና እንደ ሕመሙ ክብደት ከሰባት እስከ አሥራ አራት ቀን ይወሰዳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። መድኃኒቱ ትክክለኛው ቢሆንም እንኳ ትኩሳቱ በማግስቱ አይጠፋም፤ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ሊቆይ ይችላል። ይህን ያልተነገረው ሕመምተኛ በሁለተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ መድኃኒት ይለውጣል፣ ሦስተኛ ክሊኒክ ይሞክራል። ሌላው ደግሞ ትኩሳቱ በአራተኛው ቀን ሲለቀው የተረፈውን ኪኒን ለወንድሙ ያስቀምጣል።

ይህ ልማድ የት እንደሚያደርስ በዓለም ላይ ታይቷል። ክሎራምፌኒኮል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1948 ለታይፎይድ መዋል ሲጀምር ተአምር ተብሎለት ነበር። በ1972 ሜክሲኮ ውስጥ መድኃኒቱን የማይፈራ የታይፎይድ ወረርሽኝ ተነሣ። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ በፓኪስታን ሲንድ ግዛት ሴፍትሪያክሶንንና ሲፕሮን ጨምሮ አብዛኞቹን የቆዩ መድኃኒቶች የሚቋቋም ዝርያ ተሰራጭቷል፤ በአፍ ከሚወሰዱት ለሐኪሞቹ የቀረላቸው አዚትሮማይሲን ነው። በየመንደሩ ፋርማሲ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲፕሮ መሸጥ ሕግ የማይፈቅደው ነገር ነው፤ ገዢም ሻጭም ያውቀዋል።

ባክቴሪያው በማን ውስጥ ይቆያል የሚለው ጥያቄ ኒው ዮርክ ድረስ ይወስዳል። ሜሪ ማሎን የምትባል አየርላንዳዊት የቤት ውስጥ ወጥ ሠሪ ነበረች። በምትቀጠርባቸው ቤቶች ታይፎይድ ይከተላታል፤ እርሷ ግን አንድም ቀን አልታመመችም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1907 ተይዛ ስትመረመር ባክቴሪያው በሰገራዋ ተገኘ። ወደ ሥራዋ እንዳትመለስ ተመክራ ብትለቀቅም ስሟን ለውጣ ወጥ ቤት ገባች፤ በ1915 ዳግመኛ ተይዛ በ1938 እስክትሞት ድረስ ከሰው ተገልላ በደሴት ኖረች። ፍርዱ ጭካኔ አለበት፤ የሌሎች ተሸካሚዎች ዕጣ እንዲያ አልነበረምና። ታይፎይድ ከያዛቸው ሰዎች ጥቂቶቹ፣ ከመቶ ከአንድ እስከ አምስት የሚሆኑት፣ ባክቴሪያውን በሐሞት ከረጢታቸው ይዘው ከዓመት በላይ ይቆያሉ።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ካፍቴሪያ 172 ጤነኛ የሚመስሉ የምግብ ሠራተኞች ተመርምረው በስድስቱ ሰገራ ውስጥ ሳልሞኔላ ተገኝቷል። ሁሉም የታይፎይዱ ዝርያ ነው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ስድስት ሰው በብዙ ሺህ ሳሕን ላይ እጁን ያሳርፋል። ሳሙናና ውኃ ከመጸዳጃው በር አጠገብ መኖራቸው በየግድግዳው ከሚለጠፍ ማስታወቂያ ሁሉ ይበልጣል።

የመጠጥ ውኃውን ካነሣን፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፤ አካባቢው ከአዲስ አበባ ውኃ ጋር የቆየ ታሪክ አለው። የገፈርሳ ግድብ በቡራዩ አጠገብ ነው፤ ከሱሉልታ ተራሮች የሚመነጨው ውኃ ታሽጎ በየሱቁ ይሸጣል። ይሁን እንጂ ብዙ ቤት ውኃ የሚቀመጠው በጀሪካን ነው። ከቧንቧው ንጹሕ ሆኖ የወጣ ውኃ እጅ የገባበት ኩባያ በተነከረ ቁጥር ይበከላል። አፈ ጠባብ ጀሪካን፣ ክዳን፣ ዘንበል አድርጎ መቅዳት፣ ከተጠራጠሩም ማፍላት ወይም እንደ ውኃ አጋር ያለ ማከሚያ በመመሪያው መሠረት ጨምሮ ሠላሳ ደቂቃ መጠበቅ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በወንዝ ዳር በፍሳሽ ውኃ የለማ ሰላጣና ጥቅል ጎመን በሎሚ ስለታጠበ ብቻ አይጸዳም፤ ቆስጣውን እንደ ልማዳችን ማብሰሉ የተሻለ ነው።

ክትባትም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በታኅሣሥ 2017 ያጸደቀው አዲሱ የታይፎይድ ክትባት ከስድስት ወር ዕድሜ ጀምሮ በአንድ መርፌ ይሰጣል፤ ማላዊ ውስጥ በሕፃናት ላይ ተሞክሮ ከአሥር ሕመም ስምንቱን ያህል አስቀርቷል።

አሁን ይህን ዝግጅት የሚሰማ፣ ትኩሳት ይዞት አራተኛ ቀኑን የያዘ ሰው ካለ፣ ሬዲዮውን ዘግቶ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የጀመረው ኪኒን ካለ ማሸጊያውን ይዞ ይሂድ፤ በቅርቡ የት ከርሞ እንደ ተመለሰም ሳይጠየቅ ይናገር። የዊዳል ወረቀት ብቻ ከተሰጠውም «ደሜ ለወባ ታይቷል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ።